ፓስዎርዳችሁን የት ታስቀምጣላችሁ? ደብተር፣ ብራውዘር፣ ክላውድ ወይስ የራሳችሁ ፋይል

ፓስዎርድ ማኔጀር (ፓስዎርዶችን ሁሉ በአንድ ዋና ፓስዎርድ በሚከፈት ካዝና የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) እንዲጠቀም የተመከረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ሁሉንም አንድ ቦታ አከማችቼ ያ ቦታ ቢሰበርስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ብዙ ሰው ስለ ካዝናው ሲጨነቅ ካዝናው የሚከፈትበትን ኮምፒውተር ይረሳዋል። ኮምፒውተሩ በቫይረስ ከተያዘ የትኛውንም ካዝና ስትከፍቱ አብሯችሁ የሚያይ አለ። ስለዚህ የማኔጀር ምርጫና የቤት ኮምፒውተር ደህንነት ለየብቻ የሚወሰኑ ጉዳዮች አይደሉም። እዚህም አብረን እናያቸዋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መመዘኛው

የሁሉም ኩባንያ ማስታወቂያ ስለ ጠንካራ ምስጠራ (መረጃ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ስለማድረግ) ያወራል። እውነት ነው፣ ምስጠራው ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም። ሰው የሚዘረፈው በሌላ በኩል ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዘዴ በእነዚህ ጥያቄዎች መዝኑት፦

- ፓስዎርድ የሚሰርቅ ቫይረስ ኮምፒውተሬ ላይ ቢገባ ምን ያህሉን ይወስዳል?
- አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ራሱ ቢዘረፍ የእኔ መረጃ ምን ይሆናል?
- ተመሳስሎ የተሠራ የውሸት ድረ ገጽ ቢያጋጥመኝ ያስጠነቅቀኛል?
- ዋናውን ፓስዎርድ ብረሳ፣ ስልኬ ቢጠፋ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንዴት እገባለሁ?
- ዋጋው ስንት ነው? ደግሞስ ካለሁበት አገር መክፈል እችላለሁ?

በእኔ አመለካከት የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹን ድምር ያህል ይከብዳል።

ሌባው የሚገባበት መንገድ

ዛሬ የቤት ኮምፒውተርን በብዛት ከሚያጠቁት አንዱ «ኢንፎስቲለር» የሚባለው የቫይረስ ዓይነት ነው። ስክሪን አይቆልፍም፣ ፋይል አያጠፋም፣ ክፈሉ ብሎ አያስፈራራም። ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ ፓስዎርዶችን፣ ኩኪዎችን፣ የክሪፕቶ ዋሌቶችንና የቴሌግራም ዴስክቶፕ ማህደርን በአጭር ጊዜ ጠራርጎ ይልካል። አንዳንዱ ሥራውን ሲጨርስ ራሱን ያጠፋል። ባለቤቱ የሚነቃው ኢሜይሉ አልከፈትም ሲለው ነው። ስማቸው ከገነነው አንዱ ሉማ ነው። ማይክሮሶፍት በሜይ 2025 የሉማን መረብ ሲያፈርስ፣ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ብቻ ከ394,000 በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሉማ ተይዘው እንዳገኘ አስታውቋል።

እንዴት ይገባል? አንደኛው መንገድ ሁላችንም የምናውቀው ክራክ ነው። የተሰበረው ሶፍትዌር በዚፕ ተጠቅልሎ ይመጣል። ዚፑ ፓስዎርድ አለው፤ ፓስዎርዱም «1234» ተብሎ እዚያው አጠገቡ ተጽፏል። የተቆለፈው አንቲቫይረሱ ውስጡን ከፍቶ እንዳያይ ነው። ቀጥሎ «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» የሚል መመሪያ ይመጣል። ሌባ «ልግባ፣ ውሻውን እሰሩልኝ» ሲል እንደ መታዘዝ ነው።

ሁለተኛው አዲስ ነው፣ ብዙ ሰውም አልነቃበትም። አንድ ድረ ገጽ ላይ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል ሳጥን ይመጣል። ስትጫኑት የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫኑ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ቪ፣ ከዚያ ኢንተር ይላችኋል። ድረ ገጹ ሳታዩት አንድ ትእዛዝ ኮፒ አድርጎላችኋል። እናንተ ደግሞ በገዛ እጃችሁ ፔስት አድርጋችሁ ታስኬዱታላችሁ። እውነተኛ ማረጋገጫ ፎቶ ምረጡ ወይም ሳጥን ንኩ ይላል እንጂ ከብራውዘሩ ወጥታችሁ ኪቦርድ ተጫኑ አይልም።

ሦስተኛው የውሸት አፕዴት ነው። ይሄኛው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ የዲጂታል ስለላን የሚመረምረው ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክ እንደነበር፣ ሊንኩም ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርጉ እያለ የስለላ ሶፍትዌር ይጭን እንደነበር አጋልጧል። ፍላሽ ፕሌየር ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ድጋፉ ቆሟል። ዛሬም «ፍላሽ አፕዴት» የሚል ካያችሁ ሳትጠራጠሩ ዝጉት።

ስለ ኩኪ አንድ ነገር ልጨምር። ኩኪ ማለት «ይሄ ሰው ቀድሞ ገብቷል» የሚል ማስታወሻ ነው። እሱ ከተሰረቀ ሌባው ፓስዎርድም ሆነ በስልክ የሚላክ ኮድ ሳያስፈልገው አካውንታችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን የትኛውም ፓስዎርድ ማኔጀር አይከለክልም።

ደብተር

በደብተር መሳቅ ልማድ ሆኗል፣ እኔ ግን አልስቅም። መሳቢያ ውስጥ ያለ ደብተርን በኢንተርኔት የሚመጣ ቫይረስ አያነበውም። ድርጅት ተዘረፈ አይዘረፍ አያገባውም። ኢንተርኔት ቢጠፋም ደብተሩ አለ። ቤት ለሚውሉ፣ አምስት ስድስት አካውንት ብቻ ላላቸው እናትና አባት ከማንኛውም አፕ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ድክመቱ ሌላ ነው። ከደብተር አይቶ የሚተይብ ሰው አጭር ፓስዎርድ ይመርጣል፣ ያንኑ ደግሞ ሁሉም ቦታ ይደግመዋል። ስትተይቡት ኪሎገር (በኪቦርድ የሚተየበውን የሚቀዳ ቫይረስ) ካለ ይቀዳዋል። ከሁሉ በላይ ደብተር የውሸት ድረ ገጽን አይለይም። ማኔጀር ግን አድራሻው በአንድ ፊደል ከተለየ ፓስዎርዱን አይሞላም። ይህ ዝምታ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙ ሰው የማኔጀርን ጥቅም ከማስታወስ ጋር ያያይዘዋል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ

በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት ብዙ ሰው ስለሚያደርገው ነው። ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ፓስዎርድ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ሁሉም ተደርድሮ ይገኛል። ሴቭድ ሜሴጅ እንደ ሚስጥራዊ ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከባለቤቶቹ በቀር ማንም እንዳያነበው) የተመሰጠረ አይደለም። ኢንፎስቲለሮች ደግሞ የቴሌግራም ዴስክቶፕን ማህደር ለይተው ይፈልጋሉ። ማህደሩን ከወሰዱ በስልካችሁ ኮድ ሳይመጣ አካውንታችሁን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊከፍቱት ይችላሉ። በዋና ዋናዎቹ መመዘኛዎች አያልፍም። ዛሬውኑ አጥፉት።

ብራውዘሩ ራሱ

ክሮም፣ ኤጅ ወይም ፋየርፎክስ «ፓስዎርዱን ላስቀምጥ?» ይላል፣ እሺ ትላላችሁ፣ አለቀ። ነጻ ነው፤ የውሸት ድረ ገጽን ይለያል፤ ስልክና ኮምፒውተርን ያገናኛል። ምንም ሳይጠቀም አንዱን ፓስዎርድ አሥር ቦታ ከሚደጋግም ሰው ብራውዘሩን የሚጠቀም በብዙ ይሻላል።

ግን ኢንፎስቲለር መጀመሪያ የሚሄደው እዚያው ነው። ለረጅም ጊዜ ክሮም ዊንዶውስ ላይ ያስቀመጠውን ፓስዎርድ፣ በእናንተ ስም የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ዊንዶውስን ጠይቆ ሊፈታው ይችል ነበር። ጉግል በጁላይ 2024 ከክሮም እትም 127 አንስቶ፣ መጀመሪያ ለኩኪዎች፣ ተጨማሪ መከላከያ ማስገባት ጀመረ። የቫይረስ ሠሪዎቹም ወራት ሳይፈጅባቸው ማለፊያ አበጁለት። ነገሩ አሁንም ድብብቆሽ ነው። ፋየርፎክስ «ዋና ፓስዎርድ» የሚባል አማራጭ አለው፤ እሱን ካላበራችሁ ግን ከሌሎቹ ብዙም አይለይም።

ሌላው አደጋ ተራ ነው። ኢንተርኔት ካፌ ወይም ቢሮ ውስጥ በጉግል አካውንታችሁ ክሮም ውስጥ ትገባላችሁ፣ ሲንክ (ፓስዎርዶቻችሁን ወደዚያ ኮምፒውተር የሚያመጣው) ይበራል፣ ሳትወጡ ትሄዳላችሁ። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ፓስዎርዶቻችሁን አንድ በአንድ ሊያያቸው ይችላል። ቤት ውስጥም ኮምፒውተሩ መግቢያ ፓስዎርድ ከሌለው ያው ነው።

ክላውድ ላይ ያለ ማኔጀር

ካዝናው በኢንተርኔት በኩል ኩባንያው ሰርቨር ላይ የሚቀመጥበት ዓይነት ነው። ቢትዋርደን፣ ዋንፓስዎርድና ላስትፓስ እዚህ ውስጥ ናቸው። ካዝናው ከመላኩ በፊት እናንተው ኮምፒውተር ላይ ይመሰጠራል። ኩባንያው የተቆለፈውን ያስቀምጣል እንጂ ቁልፉ የለውም። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ሲፈተን ምን እንደሚመስል ያሳየን የላስትፓስ ታሪክ ነው፣ ረጋ ብለን እንየው።

በኦገስት 2022 ሌቦች የኩባንያውን የሶፍትዌር ማበልጸጊያ ክፍል ሰብረው ገቡ። ዋናውን ነገር ግን ገና አላገኙም ነበር። የደንበኞችን ባክአፕ ለመክፈት የሚያስፈልጉት ቁልፎች በአራት መሐንዲሶች እጅ ብቻ ነበሩ። ሌቦቹ ከአራቱ አንዱን መረጡና ወደ ቤት ኮምፒውተሩ ሄዱ። እዚያ የተጫነ አንድ የሚዲያ ሶፍትዌር ክፍተት ነበረው። በዚያ ገብተው ኪሎገር ተከሉ። መሐንዲሱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስዎርድ ሌላ ኮድ የመሰለ ሁለተኛ ማስረጃ የሚጠይቀውን) አልፎ ዋና ፓስዎርዱን ሲተይብ ቀዱት። ከዚያ የደንበኞችን ካዝና ቅጂ ወሰዱ። እንግዲህ የፓስዎርድ ኩባንያ ባለሙያ የተጠቃው ቤቱ ባለው ኮምፒውተር በኩል ነው።

ፓስዎርዶቹ የተመሰጠሩ ነበሩ። የድረ ገጽ አድራሻዎቹ ግን አልነበሩም። ሌባው ማን የትኛው ባንክ፣ የትኛው የክሪፕቶ ገበያ አካውንት እንዳለው ማየት ቻለ። ዋና ፓስዎርድን በግምት መስበር ከባድ እንዲሆን ስሌቱ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ አዲስ አካውንቶች ላይ 100,100 ዙር ሲሆን አንዳንድ የቆዩ አካውንቶች ላይ 5,000 ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ደካማ ዋና ፓስዎርድ የነበረው ሰው በጣም ተጋለጠ። ከዚያ በኋላ ዋናውን ፓስዎርድ መቀየርም አያድንም። የተቀዳው ካዝና የሚከፈተው በድሮው ነውና። ውስጡ ያሉትን ፓስዎርዶች አንድ በአንድ መቀየር ግድ ነበር።

ከዚህ ተነስተን ሁለቱን ሌሎች ስንመዝን፣ ዋንፓስዎርድ ከዋናው ፓስዎርድ ሌላ እናንተው ዕቃ (ስልክ ወይም ኮምፒውተር) ላይ የሚፈጠር 34 ፊደልና ቁጥር ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ ይጨምራል። የኩባንያው ሰርቨር ቢዘረፍ ደካማ ዋና ፓስዎርድ ያለውንም ሰው ይጠብቀዋል። ነጻ ዓይነት ግን የለውም። ቢትዋርደን የተሠራበት የፕሮግራም ኮድ ማንም አይቶ እንዲመረምረው ክፍት ነው። ነጻው ዓይነት በፓስዎርድ ብዛትም ሆነ በዕቃ ብዛት ገደብ የለውም። ከአገር ቤት በዶላር መክፈል ለብዙ ሰው አሁንም ቀላል ስላልሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥም አስቀድማችሁ የገባችሁበት ስልክ ላይ ካዝናውን ማየት ትችላላችሁ። አዲስ ነገር መጨመር ግን አይቻልም።

አንድ ወጥመድ አለ። ቢትዋርደን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላላበራ ሰው፣ ከአዲስ ዕቃ ሲገባ ኮድ የሚልከው በኢሜይል ነው። የኢሜይላችሁ ፓስዎርድ ካዝናው ውስጥ ብቻ ካለ፣ ስልካችሁ የጠፋ ቀን ውጭ ቀራችሁ ማለት ነው። የኢሜይሉን ፓስዎርድና የመልሶ ማግኛ ኮዶቹን በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ።

ፓስዎርድ እንዲሞሉ በብራውዘር ላይ የሚጫኑት የማኔጀሮቹ ተጨማሪዎች (ኤክስቴንሽኖች)ም ክፍተት አያጡም። በኦገስት 2025 አንድ ተመራማሪ ዴፍኮን በሚባለው የሃከሮች ጉባኤ ላይ፣ የማይታይ ንብርብር ያለበት ድረ ገጽ ብዙዎቹን ኤክስቴንሽኖች አታሎ መረጃ ሊያስሞላ እንደሚችል አሳይቷል። አፕዴት ማድረግ፣ ገጹ እንደተከፈተ በራሱ እንዲሞላ የሚያደርገውንም ማጥፋት ይረዳል።

የራሳችሁ ፋይል

ኪፓስና ዘመዱ ኪፓስኤክስሲ ካዝናውን እንደ አንድ የተመሰጠረ ፋይል እናንተው ዘንድ ያስቀምጣሉ። ኩባንያ የለም፣ ክፍያ የለም፣ ሰርቨር የለም። ለአንድሮይድ ኪፓስዲኤክስ አለ። ኢንተርኔት ለሳምንታት ቢጠፋም ግድ የለውም።

ኃላፊነቱ ግን ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። ፋይሉ አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ካለና ፍላሹ ከተበላሸ የምትደውሉበት የለም። ስልክ ላይ አንድ ነገር፣ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ነገር ቀይራችሁ የትኛው ፋይል አዲሱ እንደሆነ መለየትም ያደናግራል። ከክፍተት ነጻም አይደለም። በ2023 የኪፓስ ዋና ፓስዎርድ፣ ከመጀመሪያው ፊደል በስተቀር፣ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ሊነበብ እንደሚችል ታወቀ። በኪፓስ እትም 2.54 ተስተካከለ። ኪፓስኤክስሲን ይሄ ችግር አልነካውም፣ እኔም አዲስ ለሚጀምር ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። በዚያው ዓመት ጉግል ላይ የኪፓስ የውሸት ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። የድረ ገጹ አድራሻ ከእውነተኛው የሚለየው በመጀመሪያው ፊደል ሥር ባለች ትንሽ ምልክት ብቻ ነበር። ስለዚህ ስታወርዱ ከማስታወቂያ ላይ አትጫኑ።

| | ኮምፒውተሩ ቢያዝ | ድርጅቱ ቢዘረፍ | የውሸት ድረ ገጽ | ብትረሱ ወይም ቢጠፋ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ደብተር | የተየባችሁት ብቻ ይወሰዳል | አይመለከተውም | አይለይም | ቅጂ ከሌለ ጠፋ | የደብተር ዋጋ |
| ቴሌግራም | ሁሉም ይወሰዳል | ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም | አይለይም | በስልክ ቁጥር ይመለሳል | ነጻ |
| ብራውዘር | የመጀመሪያው ዒላማ ነው | በአካውንቱ ጥበቃ ይወሰናል | ይለያል | በአካውንቱ ይመለሳል | ነጻ |
| ክላውድ | ካዝናው ክፍት ሳለ ይጋለጣል | በዋና ፓስዎርዱ ጥንካሬ ይወሰናል | ይለያል | ወረቀት ከሌለ ከባድ ነው | ነጻም የሚከፈልበትም |
| የራስ ፋይል | ካዝናው ክፍት ሳለ ይጋለጣል | አይመለከተውም | ኤክስቴንሽኑ ካለ ይለያል | መመለሻ የለውም | ነጻ |

ዋናው ፓስዎርድ

ክላውዱንም ፋይሉንም የሚያቆማቸው ይሄ ነው። ስም ሲደመር የትውልድ ዓመት አይሆንም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑም አያድነውም። ከመዝሙረ ዳዊት ወይም ከታወቀ ተረት ላይ መውሰድም ያው ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት ቃላት በዘፈቀደ ምረጡ። መዝገበ ቃላት ዓይንን ጨፍኖ መግለጥ ይበቃል። ስትጽፉት ግን በላቲን ፊደል ይሁን። በግዕዝ ፊደል ከጻፋችሁት አንዱ ስልክ ላይ የለመዳችሁት ኪቦርድ ሌላው ላይ አይኖርም። በላቲን ስትጽፉ ደግሞ አጻጻፉን ወስኑ። ዛሬ ፀሐይን በቲኤስ ጀምራችሁ ከወር በኋላ በኤስ ብቻ ከጻፋችሁት ካዝናው አይከፈትም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወረቀት ላይ ይዛችሁ ቆዩ።

የቤት ኮምፒውተሩስ?

እዚህ አማራጮቹ ጥቂት ናቸው። ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ገንዘብ የሚከፈልበት አንቲቫይረስ መጥፎ አይደለም፣ ግን ክራክ የሚጭን ሰውን አያድንም። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስማ ባይኖር ይሻላል። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ መጫን ማሽኑን ከማንቀራፈፍ ያለፈ ጥቅም የለውም። አሜሪካ ያላችሁ ካስፐርስኪ ካላችሁ አውጡት። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 ሽያጩን ከልክሏል፣ ከሴፕቴምበር 29 ወዲህም አፕዴት እንዳይሰጥ አግዷል።

ከአንቲቫይረስ ይልቅ ለውጥ የሚያመጡት እነዚህ ናቸው። የዕለት ሥራችሁን በስታንዳርድ (ሥልጣኑ ውስን በሆነ) አካውንት ሥሩ፣ ሁሉን መቀየር የሚችለው የአድሚን አካውንት ለብቻው ይሁን። ኢንፎስቲለርን ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም፣ ግን ልጆች የጨዋታ ክራክ እንዳይጭኑ ያግዛል። የፋይል ስሞች መጨረሻ እንዲታይ አድርጉ፤ ፒዲኤፍ መስሎ የሚመጣው ኢኤክስኢ (የፕሮግራም ፋይል) የሚጋለጠው ያኔ ነው። ፍላሽ ስትሰኩ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ አንዱንም አትክፈቱ፣ ዋናዎቹ ተደብቀው ነው ያሉት። መጀመሪያ በዲፌንደር ይቃኝ።

ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይችል ከሆነ የማይክሮሶፍትን የተራዘመ የደህንነት አፕዴት ተመዝገቡ ወይም ሊኑክስ ጫኑበት። ሱቅ ወስዳችሁ «አክቲቬት አድርጉልኝ» ማለት የራሱ አደጋ አለው፤ አክቲቬት ማድረጊያው ራሱ ቫይረስ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል።

ለማን የትኛው?

የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ፦ ቢትዋርደንን ስልኩ ላይ ብቻ ይጫን። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ካዝናውን በፍጹም አይክፈት፤ የግድ ከሆነ አንዷን ፓስዎርድ ከስልኩ አይቶ ይተይብ፣ ቤቱ ሲደርስም ይቀይራት።

ለወላጅ፦ ደብተር። እናንተ ጠንካራ ፓስዎርድ አውጥታችሁ ጻፉላቸው፣ የኢሜይላቸውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩላቸው። የደብተሩን ፎቶ ግን ማንም ለማንም አይላክ።

ብዙ አካውንት ያለው የቢሮ ሠራተኛ ወይም ፍሪላንሰር፦ የቢትዋርደን ነጻው ዓይነት። መክፈል የሚችልና ከቤተሰቡ ጋር የሚጋራ ዋንፓስዎርድን ይመልከት። የሁለተኛ ደረጃ ኮዱን በተለየ አፕ ያድርገው።

ጋዜጠኛ፣ ወይም ኢንተርኔት በየጊዜው በሚቋረጥበት አካባቢ የሚኖር፦ ኪፓስኤክስሲ፣ ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቦታ።

ውጭ አገር ሆኖ የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር አሁንም የሚጠቀም፦ ማኔጀሩ የትኛውም ይሁን፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ በሚቻልበት ሁሉ በኦተንቲኬተር አፕ (ኮዱን ስልኩ ላይ ራሱ በሚያወጣ አፕ) ይተካው። ሲም ካርዱ አገልግሎት ካቋረጠ ኮዱ አይመጣም።

ኮምፒውተሩ ክራክ የሞላበት ወይም ቀድሞ ተይዞ ይሆናል ብሎ የሚጠራጠር ሰው ደግሞ እዚያ ላይ ምንም ማኔጀር አይጫን። መጀመሪያ ፋይሎቹን ያውጣ፣ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ እንደ አዲስ ይጫን። ፓስዎርዶቹን በንጹሕ ስልክ ይቀይር፤ ከኢሜይሉ ይጀምር፣ ወደ ባንክ ይለፍ፣ ከዚያ ቴሌግራምና ሌሎቹ። በእያንዳንዱም «ከሁሉም ዕቃዎች ውጣ» የሚለውን ይጫን። የተሰረቀውን ኩኪ ዋጋ የሚያሳጣው እሱ ነው። ካዝናውን የሚከፍተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።